የቻይና የአዲስ ዓመት ሥዕልና የድሬዳዋ እንቁጣጣሽ

የጨረቃ አዲስ ዓመት ሲቃረብ የቻይና ገበሬ ቤቱን ጠራርጎ ያጸዳል፤ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት የደበዘዘውን የበር ላይ ሥዕል ልጦ በአዲስ ይተካል። ይህ ከተቀረጸ እንጨት ላይ በእጅ የሚታተም ሥዕል ኒየንኋ ይባላል። በሁለቱ የበር መዝጊያዎች ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙት ብዙ ጊዜ የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የጦር አለቆች የነበሩት ቺን ሹባውና ዩቺ ጎንግ ናቸው፤ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ንጉሠ ነገሥቱ ታይዞንግ በክፉ መናፍስት ምክንያት እንቅልፍ ባጣ ጊዜ ደጁን የጠበቁለት እነርሱ ነበሩ። ሥዕሉ በየዓመቱ ስለሚቀየር ቀራጩም አታሚውም በየዓመቱ ሥራ ያገኙ ነበር፤ ሙያው ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠራቢው እንደ ፒር ዛፍ ያለ ጠንካራ እንጨት አለስልሶ የሥዕሉን መስመሮች ግራና ቀኛቸውን ገልብጦ ይቀርጻል፤ መስመሩ ጎልቶ ይቀርና ሌላው ይጎደጉዳል። አታሚው ጎልቶ የቀረውን ክፍል ቀለም ቀብቶ ወረቀት ያነጥፍበትና ጀርባውን በደረቅ ብሩሽ ያሸዋል። በሱዞው ከተማ ታውኋዉ በሚባለው ሰፈር ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት ይቀረጽለታል፤ በቲያንጂን አጠገብ ባለችው በያንግሊውቺንግ ግን መስመሩ ብቻ ይታተምና ፊቱ፣ ልብሱና አበባው በእጅ ይቀባል። ዓሣ ያቀፈው ወፍራም ሕፃን የያንግሊውቺንግ ሥራ ነው፤ ለእኔ ከበር ጠባቂዎቹ ይልቅ እርሱ ደስ ይለኛል።

የማተሚያ መኪና ከመጣ በኋላ ይህ ሙያ ተዳከመ፤ ከ1966 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በቆየው የባህል አብዮት ደግሞ ብዙ የተቀረጹ እንጨቶች ተቃጠሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የያንግሊውቺንግና የታውኋዉ ሥራዎች በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። መመዝገቡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በየዓመቱ የሚለጥፈው ደጃፍ ያጣ ሥዕል በመዝገብ ብቻ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ከአዲስ ዓመት ሥዕሉ ውጭ የእንጨት ሕትመት ሌላ መንገድም ያዘ። ቻይናዊው ደራሲ ሉ ሹን በ1931 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ ወጣቶችን ሰብስቦ ዘመናዊውን የእንጨት ቅርጽ እንዲማሩ አደረገ፤ የጁሺየንጀን መንደር የአዲስ ዓመት ሥዕሎችንም ይሰበስብና ያደንቅ ነበር። ከእርሱ የተነሣው እንቅስቃሴ ከስደተኞች ጋር ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ወረደ። ቻይናዊው፣ ማላዩና ታሚሉ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩባት በሲንጋፖር፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ስድስት ሠዓሊዎች የእንጨት ሕትመት ዐውደ ርእይ አዘጋጁ። የዚያ ትውልድ ሠዓሊዎች በእንጨታቸው ላይ የቀረጹት በዙሪያቸው የሚያዩትን ገበያ፣ መንደርና የቀን ሠራተኛ ነበር።

ድሬዳዋም ለእንዲህ ዓይነቱ የሕዝቦች ጉርብትና እንግዳ አይደለችም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ ጀምሮ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ የመኑ፣ ግሪኩና አርመኑ ኖረውባታል፤ አዲሱን የባቡር መስመር የሠሩት ደግሞ ቻይናውያን ናቸው። የአዲስ ዓመት ሥዕልም የራሳችን ባህል ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ሥለው ቤት ለቤት ያድላሉ፤ ክርስቲያን ያልሆነው ጎረቤትም ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣል። አሁን አሁን ግን ብዙ ልጆች በማተሚያ ቤት የታተመ ካርድ ገዝተው ሲያዞሩ አያለሁ፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የእጅ ሙያውን ከቻይናውያን ብንማር እወዳለሁ። የበር ጠባቂ መናፍስቱን አልመኝም፤ እነርሱ የሌላ እምነት ናቸው፤ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ደጃፍ ላይ ልንለጥፋቸው አይገባም። የአደይ አበባ፣ የሐረር ጀጎል በር፣ የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛፎች፣ የሶማሌ ግመል በእንጨት ላይ ቢቀረጹ ግን ለእንቁጣጣሽም ለዒድም ይሆናሉ። ለመጀመር የያንግሊውቺንግ ስልት ይሻላል፤ አንድ የሠለጠነ ጠራቢ በዋንዛ ላይ ጥቁሩን መስመር ብቻ ቢቀርጽ ለአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ ይበቃል፤ ቀለሙን እያንዳንዱ ልጅ በገዛ እጁ ይቀባል።