ትራክተሯ ፈጠነች ብላችሁ ነዳጅ አትቀንሱባት

ዛሬ አዳማ ላይ ሲፈታና ሲገጠም የዋለው የቺንጋ (ከሞተሩ ወደ ካምቢዮ ኃይል የሚያስተላልፈው ቀበቶ) ሥራ ነው፦ አሮጌ የጓሮ ትራክተር፣ በአንደኛ ማርሽም የምትሮጥ። ብዙ ሰው ነዳጅ መቀነስ ይቀናዋል። አይሆንም! በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ማራገቢያው አብሮት ስለሚዞር፣ ዙሩ ሲወርድ ጉልበቱም ንፋሱም ይወርዳል፤ በአዳማ ሙቀትና አቧራ ደግሞ አስቡት።

መፍትሔው ፑሊ ነው፣ ቺንጋው የሚዞርበት ጎድጓዳ ጠርዝ ያለው ክብ። ዲያሜትሩ የሞተሩ 80፣ የካምቢዮው 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የካምቢዮውን 250 ማድረግ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የነበረው 4 ይሆናል። የሞተሩን ማሳነስም ያው ነው፣ እኔ ግን አልመክርም፦ ቺንጋው ትንሽ ፑሊ ላይ አጥብቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ የሚይዝበት ቦታ ስለሚያጥርም ይንሸራተታል። "ኤ" ለሚባለው የቺንጋ መጠን ፑሊው ከ75 ሚሊ አይውረድ።

ፑሊው 50 ሚሊ ሲያድግ ቺንጋው ቢያንስ 79 ሚሊ ያህል መርዘም አለበት፤ በመወጠሪያ ብቻ አትታገሉ፣ አዲስ ግዙ። ከዚያ በፊት ግን ትልቁን ፑሊ በካርቶን ቆርጣችሁ ቦታው ላይ ሞክሩ፤ ሻንሲ ሊነካ ይችላል።

አሮጌውን ፑሊ በመንቀያ ሳቡት። በመዶሻ ከመታችሁት ኩሽኔታው ይጎዳል። አዲሱ ቶርኖ ቤት ሲሠራ የመሃል ቀዳዳው ከላላ ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቁልፍ ይቆረጣል። ሁለቱን ፑሊዎች በቀጥ ያለ ብረት አስተካክሉ፤ ከተዛነፉ ቺንጋው ጎኑ ይበላል።

ብዙዎቹ አሮጌ የጓሮ ትራክተሮች ላይ ፍሪሲዮኑ ራሱ ቺንጋው ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ቺንጋው በደንብ ካልላላ ማርሽ ሲገባ ይጮሃል።

ለፍተሻ 30 ሜትር ለኩና ንዱ፦ 27 ሰከንድ ከፈጀባችሁ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነው።