የሀበሻ ደም አለበት የተባለው ካውቦይ

ኸርብ ጄፍሪስን በዘፋኝነቱ የሚያውቀው ይኖራል፣ በ1940 መጨረሻ ላይ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ባንድ ጋር ሆኖ «ፍላሚንጎ» የሚለውን ዘፈን የቀዳው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰውዬው ካውቦይ ነበር። የፊልም ካውቦይ ማለቴ ነው፣ ባርኔጣ፣ ሽጉጥ፣ ስታርደስክ የሚባል ፈረስ፣ በየመሃሉ ደግሞ ዘፈን። አክተሩም ወንበዴውም ሸሪፉም ልጅቷም ሁሉም ጥቁር፣ ያውም በ1930ዎቹ አሜሪካ!

ሰውዬው ዲትሮይት ነው የተወለደው፣ በ1913። እናቱ ነጭ ናት፣ አባቱን አያውቀውም፣ ስለ አባቱ ወገን ሲወራ ግን ሲሲሊያዊ አለበት፣ ፈረንሳይ አለበት፣ ኢትዮጵያዊም አለበት ይባላል። ጆሮአችሁ ቆመ አይደል? ቆይ ረጋ በሉ፣ እኛ መቼም አንድ ጠብታ ካገኘን መታወቂያ ካላወጣንለት አንተኛም፣ ግን ሰውዬው ራሱ ስለ ዘሩ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር ሲል የኖረ ነው፣ ስለዚህ «የኛ ልጅ» ብላችሁ ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት አስቡበት።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጄፍሪስ በጣም ቀይ ነበር፣ ነጭ ነኝ ብሎ ቢኖር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እሱ ግን ጥቁር ነኝ አለ፣ ያ ማለት ደግሞ በዚያን ጊዜ በኋላ በር መግባት፣ ሆቴል መከልከል ምናምን ማለት ነው። ከቺካጎ ከጃዝ ፒያኒስቱ ኧርል ሃይንስ ባንድ ጋር ወደ ደቡብ ቱር ሲወጡ ለጥቁር ብቻ የተለዩ ሲኒማ ቤቶች አየ፣ ሰዉ ተሰልፎ የሚገባው ግን ነጭ ካውቦይ ለማየት ነው። ራሱ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክም አለ፣ አንድ ጥቁር ልጅ እያለቀሰ አገኘው፣ ምን ሆነህ ሲለው ጓደኞቹ ሲጫወቱ ቶም ሚክስን (የዘመኑን ዝነኛ ነጭ የፊልም ካውቦይ) ልሁን ቢላቸው አንተ ጥቁር ነህ አትሆንም ብለውታል። እውነተኛዎቹ ካውቦዮች ውስጥ ከአራቱ አንዱ ጥቁር ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ እኮ፣ ፊልሙ ላይ ነው የጠፉት።

ከዚያ ገንዘብ የሚያወጣ ሲፈልግ ቆይቶ ጄድ ቡኤል የሚባል ፕሮዲውሰር ጋ ደረሰ። ቡኤል ርካሽ ፊልም የሚሰራ፣ ወሬ የሚሆን ነገር የሚወድ ሰው ነው። በ1937 «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ» ወጣ (ሃርለም የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ነው)፣ ዳይሬክተሩ ሳም ኒውፊልድ። በዓመቱ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ምን ቢሰሩ ጥሩ ነው? ተዋናዮቹ በሙሉ ድንክ የሆኑበት የካውቦይ ፊልም! ከዚህ ተነስቼ ስገምት ለቡኤል ጥቁሩ ካውቦይም ድንኩ ካውቦይም አንድ ነው፣ ትኬት የሚያሸጥ ጉድ። ለጄፍሪስ ግን እንደዛ አልነበረም።

እና አሁን አስቂኙ ነገር መጣ። ጄፍሪስ ለጥቁር ካውቦይነት በጣም ቀላ ተባለ! ስለዚህ ፊቱን በሜካፕ አጠቆሩት። ነጭ ሆኖ መኖር የሚችል ሰው ጥቁር ነኝ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ አልጠቆርክም ተብሎ ይቀባል፣ በዚህ ላይ በካሊፎርኒያው የሞሃቪ በረሃ ፀሐይ ፈረስ ይጋልባል። ቀረጻው ቪክተርቪል አጠገብ ያለ «መሪስ ራንች» የሚባል የከብት እርባታ ቦታ ነበር፣ ባለቤቶቹ መሪ (Murray) የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ነበሩ፣ ቦክሰኛው ጆ ሉዊስም እዚያ ሄዶ አርፏል።

ቀጥሎ ከዳይሬክተሩ ሪቻርድ ካን ጋር ሦስት ፊልም ሰራ፣ በ1938 «ቱ ጋን ማን ፍሮም ሃርለም»፣ በ1939 «ዘ ብሮንዝ ባካሩ» እና «ሃርለም ራይድስ ዘ ሬንጅ»። ፊልሞቹ ጥሩ ናቸው ወይ ካላችሁኝ፣ አይ አይደሉም። ድብድቡ የልምምድ ይመስላል፣ ድምጹ ይቆራረጣል፣ የትወናው ነገር ይቅር። ብር ስለሌለ በችኮላ ነው የሚቀረጸው። ግን ልብ በሉ፣ ውድ ቢሆኑ ኖሮ የሚሰራቸውም አልነበረም፣ የሚታዩት በጥቁር ሲኒማ ቤቶች ነው፣ ከነዚያ ብቻ ገንዘቡ የሚመለሰው በጣም ርካሽ ከሆነ ነው። ደግሞ እነዚህ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚለው ስፔንሰር ዊሊያምስ በኋላ ራሱ ዳይሬክተር የሆነ ትልቅ ሰው ነው። ጄፍሪስ ሲዘፍን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል፣ ካሜራውም የሚረጋጋ ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ ኤሊንግተን ወሰደው፣ ካውቦይነቱ አበቃ። ፓሪስ ኖረ፣ በ1959 ቴምፔስት ስቶርም የምትባለዋን ታዋቂ ዳንሰኛ አግብቶ ወሬ ሆነ፣ ይሄ ሌላ ፖስት ይወጣዋል። በ1995 ሰማንያ ካለፈው በኋላ እንደገና የካውቦይ ዘፈን አልበም አወጣ፣ በ2004 ኦክላሆማ ሲቲ ያለው የካውቦይ ሙዚየም ከታላላቆቹ ተርታ አስገባው፣ በ2014 በ100 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ አረፈ።

ከካን ጋር የሰራቸውን ዩቲዩብ ላይ በነፃ ታገኟቸዋላችሁ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው። በ«ቱ ጋን ማን» ጀምሩ፣ ጄፍሪስ እዚያ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይጫወታል፣ ካውቦዩንም ሃርለም ያለውን ወሮበላም። «ብሮንዝ ባካሩ» ላይ ደግሞ የምትናገር በቅሎ ተብላ የምትሸጥ በቅሎ አለች፣ ገዢው እንዴት እንደሚሸወድ እዩትና ኮመንት ላይ አውሩኝ።