ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘዌ (አንግል) ስንጀምር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕሮትራክተር፣ ማለትም የዘዌ መለኪያው፣ ከቦርሳ አይወጣም። በፊት ዓይናቸው ይልመድ ባይ ነኝ። ወረቀት ሁለት ጊዜ እናጥፋለን፤ ጥጉ 90 ዲግሪ ይሆናል። አንዴ ሲደገም 45። ያችን ወረቀት ይዘው የመስኮቱን፣ የዴስኩን፣ የተከፈተውን በር እያዩ «ከዚህ ይበልጣል፣ ከዚህ ያንሳል» ይላሉ።

ወደዚህ ያመጣኝ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጆቹ ጠዋትና ማታ የሚያልፉበት ስለሆነ፣ ቅርጹም ስምንት ጎን ስለሆነ፣ ጎኖቹን እኩል አድርጌ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸውና የአንዱን ጥግ የውስጥ ዘዌ ለኩ አልኳቸው። መልሱ 135 ዲግሪ ነው። ብዙዎቹ 45 ብለው ጻፉ። ጥፋቱ ከእጃቸው አልነበረም፤ ፕሮትራክተር ላይ ቁጥሮቹ በሁለት ረድፍ ስለሚሄዱ፣ አንዱ ከቀኝ ሌላው ከግራ ስለሚነሣ፣ 45 እና 135 አንድ ጭረት ላይ ናቸው። ዓይናቸው ግን ያ ሰፊ ጥግ 45 ሊሆን እንደማይችል ሊነግራቸው ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሹል ነው ወይስ ዝርጥ?»፣ ማለትም ከ90 ያንሳል ወይስ ይበልጣል፣ ሳይባል እኔ ክፍል ውስጥ ዲግሪ አይጻፍም።

ዘንድሮ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አወጣሁ፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሰዓት ቆጣሪውና በደቂቃ ቆጣሪው መካከል ያለው ትንሹ ዘዌ ስንት ዲግሪ ነው? ብዙ ልጅ 90 ይላል ብዬ ጠብቄያለሁ፤ ብለዋልም። ሰዓት ቆጣሪው ሦስት ላይ እንደቆመ አድርገው ነው የሚያስቡት። ተኩል ሲሆን ግን በሦስትና በአራት መካከል ደርሷል። በሁለት ቁጥሮች መካከል 30 ዲግሪ ስላለ፣ 15ቱን ተጉዟል፤ እስከ ስድስት የሚቀረው 75 ነው።

አንዲት ልጅ 105 ብላ ጻፈች። እኔም ምንም ሳላመነታ ኤክስ አድርጌ፣ በቀይ «ረድፉን ለይተሽ አንብቢ» ብዬ ጻፍኩባት። 75 እና 105 አንድ ጭረት ላይ ናቸውና፣ ያው የጊዮርጊሱ ስሕተት ነው አልኩ።

ወረቀቱን በመለስኩ ቀን በእረፍት ሰዓት መጣች። «ቲቸር፣ ጀርባውን አይተውታል?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። ገለበጥኩት። ትንሽ ሰዓት ሥላለች። ደቂቃ ቆጣሪው ስድስት ላይ ነው፤ ሰዓት ቆጣሪው በዘጠኝና በአሥር መካከል። ከጎኑ ከቁጥሩ በፊት «ዝርጥ» የሚል ጽሑፍ አለ።

«ለምን ዘጠኝ ላይ አደረግሽው?»

«እኛ ቤት ያለው ሰዓት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደዚህ ነው የሚለው። አባቴ በፈረንጅ ነው የሚሞላው።»

ልጅቷ ያስተማርኳትን አንድም ሳታጎድል ሠርታለች። አስቀድማ ገምታለች፣ ከዚያ ለክታለች፣ ያገኘችውም ትክክል ነው። የጎደለው የኔ ጥያቄ ነበር፤ የትኛው ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። በዚህ ከተማ ደግሞ ግማሹ ቤት በሐበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ ሲሞላ እያየሁ ነው የኖርኩት። በጣም የከነከነኝ ግን ያ ቀይ ጽሑፌ ነው። የምትኮራበትን ሥራ ግድ የለሽነት ብዬ ነበር የጻፍኩባት። ይቅርታ ጠይቄያት ማርኳን አስተካከልኩ፤ በነጋታው ክፍል ውስጥ ሥዕሏን ራሷ ሰሌዳ ላይ እንድትሠራው አደረግሁ።

የሁለቱን ሰዓት ሥዕል ጎን ለጎን ሲያዩ ክፍሉ ተነሣ። ደቂቃ ቆጣሪው አልተነቃነቀም፤ ሰዓት ቆጣሪው ብቻ ስድስት ሰዓት፣ ማለትም 180 ዲግሪ ዞሮ ከወዲያ ማዶ ሄዷል። ስለዚህ 75 እና 105 ሲደመሩ 180 ናቸው። ሌላ ሰዓት እንሞክር አሉ። ሁለት ሰዓት ላይ 60 እና 120። ሦስት ሰዓት ላይ በሁለቱም 90። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፦

«ቲቸር፣ ስድስት ሰዓት ሲሆንስ? እኛ ቤት ዝርግ ነው፣ እነሱ ቤት ግን ሁለቱ ተደራርበዋል።»

180 እና ዜሮ። ደወሉ ሲደወል ገና እየደመሩ ነበር።