«ምንም አልነካንም»

የቢሯችን ሰርቨሮች በሙሉ ሊኑክስ ናቸው። አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ብቻ ያለ ዊንዶውስ አልሠራ ስላለ፣ ለእሱ ሲባል ከሰርቨሮቹ በአንዱ ላይ በኬቪኤም (በሊኑክስ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ በሚያስነሣ መሣሪያ) ዊንዶውስ ጭነናል። ለረጅም ጊዜ ያለ ኮሽታ ሲሠራ ቆየ። ሰርቨሩ ለጥገና ጠፍቶ በተነሣ ማግስት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉ።

«ኢንተርኔት የለውም። ምን ነካችሁበት?»

«ኧረ ምንም አልነካንም» አላቸው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። እውነቱን ነበር፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

ልጁ ሥራውን ከዊንዶውሱ ጀመረ። የኔትወርክ ሴቲንጉን ሪሴት አደረገ፣ ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፣ የኔትወርክ ካርዱን ከቪርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ ከተሠራው ዓይነት) ወደ ኢንቴል ዓይነት ሊቀይረው ተነሣ። አልፈርድበትም። ዊንዶውስ የቪርትአይኦ ድራይቨር ይዞ ስለማይመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ግን ድራይቨሩ ባይኖር ኖሮ ዊንዶውስ ካርዱን ሊጠቀምበት እንኳን አይችልም ነበር። አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ባይመልስለት ደግሞ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጥ ነበር። አይፒኮንፊግ ብለን ስናየው በ192.168.122 የሚጀምር አድራሻ አለው፤ ቨርቹዋል ማሽኖችንና ኔትወርካቸውን የሚያስተዳድረው ሊብቨርት በነባሪነት የሚያድለው ነው። ጌትዌዩን (መውጫ በሩን) 192.168.122.1ን ፒንግ ስናደርግም (አለህ ወይ ብለን ስንጠይቀውም) ይመልሳል። ስለዚህ ካርዱም ድራይቨሩም ከደሙ ንጹሕ ናቸው።

ያሳሳተን ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ ነበር። የድረ ገጽ ስም ስንጠይቀው ትክክለኛውን አድራሻ ፈትቶ ያመጣል፣ አድራሻውን ፒንግ ስናደርግ ግን ዝም። ልጁ «ውጭ ባይደርስ ስሙን ከየት አመጣው?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ዊንዶውሱ ራሱ ውጭ አልደረሰም የሚል ነው። በሊብቨርት ኔትወርክ የስም ጥያቄን የሚቀበለው እዚያው ሊኑክስ ላይ ያለው ዲኤንኤስማስክ የተባለ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውሱን ወክሎ ውጭ ጠይቆ መልሱን ያቀብለዋል። የሊኑክሱ ኢንተርኔት ደህና ስለሆነ ስም መፍታቱ አያስገርምም። የዊንዶውሱ ፓኬት (የሚልከው የዳታ ቁራጭ) በራሱ እግር የመውጣቱ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው።

ሊኑክሱ ላይ ሁለት ተርሚናል ከፈትን። በአንዱ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን ዊንዶውሱን ከሊኑክሱ በሚያገናኘው ቨርቹዋል ብሪጅ ላይ፣ በሌላው በእውነተኛው ካርድ ላይ አስነሣን። ዊንዶውሱ ላይ ደግሞ የማያቋርጥ ፒንግ ለቀቅን። በመጀመሪያው ተርሚናል ጥያቄው መስመር በመስመር ይወርዳል፤ በሁለተኛው ከዚያ ፒንግ አንዲት መስመር የለችም። ፓኬቱ ሊኑክስ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ልጁ የዊንዶውሱን መስኮት ዘጋው፤ ከዚያ ወዲያ እሱን መነካካት ጊዜ ማጥፋት ብቻ ነበር።

ሊኑክሱ የሌላውን ፓኬት እንዲያሳልፍ የሚፈቅደው አይፒ ፎርዋርዲንግ 1 ላይ ነው፤ ክፍት ነው። የሊኑክሱን ፋየርዎል፣ የአይፒቴብልስን የፎርዋርድ ሰንሰለት (የሚያልፍ ፓኬት የሚፈተሽበትን የሕግ ዝርዝር) ከነቆጣሪው ስናወጣው ግን ነባሪ ፖሊሲው ድሮፕ (ይጣል) ሆኖ አገኘነው። ትእዛዙን ደጋግመን ስንሰጥ ከአጠገቡ ያለው የተጣለ ፓኬት ቁጥር ይጨምራል። ፒንጉን ስናቆም ቁጥሩ ይረጋጋል፣ ስንለቀው ይሮጣል።

ማን ድሮፕ አደረገው? ፕሮግራሞችን በየሳጥናቸው ለይቶ የሚያስኬደው ዶከር። ዶከርን ደግሞ የሶፍትዌር ቡድኑ ለሙከራ ብሎ ከጫነው ሰነባብቷል፤ ያኔ ምንም አልተበላሸም። ዶከር ሲነሣ አይፒ ፎርዋርዲንግ ተዘግቶ ካገኘው ራሱ ይከፍተዋል፣ ሲከፍተውም የፎርዋርድን ፖሊሲ ድሮፕ ያደርጋል። ቀድሞ ተከፍቶ ካገኘው ፖሊሲውን አይነካም። በተጫነበት ቀን ሊብቨርት ቀድሞ ከፍቶት ስለነበር ነገሩ በሰላም አለፈ። ሰርቨሩ ከጥገናው ሲነሣ ግን ዶከር ቀደመ። «ምንም አልነካንም» የተባለው ለዚህ ነው እውነት የሆነው፤ የተለወጠው የአነሣሥ ተራ ብቻ ነበር።

ሊብቨርትስ ለራሱ ኔትወርክ ፈቃድ አይጽፍም ወይ? ይጽፋል። ግን አዳዲሶቹ ስሪቶች ሕጋቸውን የሚጽፉት በኤንኤፍቴብልስ (በአዲሱ የሊኑክስ ፋየርዎል)፣ በራሳቸው ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። እዚያ «ይለፍ» የተባለ ፓኬት በሌላ ሰንጠረዥ ያለውን ፍተሻም ማለፍ አለበት፤ አንዱ ከጣለው ግን ያከተመ ነው። ልክ ሁለት ዘበኛ እንዳለበት በር።

ልጁ ፖሊሲውን ወደ አክሰፕት (ይለፍ) መልሰን እንገላገል አለ። እኔ አልወደድኩትም፤ ለአንድ ዊንዶውስ ብሎ በሰርቨሩ በኩል የሚያልፈውን ሁሉ መፍቀድ ነው። በሊብቨርት የኔትወርክ ማዋቀሪያ ፋይል ሕጉን የሚጽፍበትን የፋየርዎል ባክኤንድ ወደ አይፒቴብልስ መለስንና ሰርቪሱን ሪስታርት አደረግነው። በዚህ መንገድ የሊብቨርት ፈቃድ እዚያው የፎርዋርድ ሰንሰለት ውስጥ ስለሚገባ፣ ፓኬቱ ፖሊሲው ዘንድ ሳይደርስ ያልፋል። ፒንጉ ወዲያው መለሰ። ሰርቨሩንም አጥፍተን አስነሣነው፤ ጥፋቱ የመጣው ከአነሣሥ ስለሆነ ያለዚያ አላምንም ነበር።

ከተነሣ በኋላ ልጁ ከሊኑክሱ ወደ ዊንዶውሱ ፒንግ አድርጎ መልስ ሲያጣ ደነገጠ። ያ የዊንዶውስ የራሱ ፋየርዎል ነው፤ ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ ከመዘገበው ለፒንግ አይመልስም። የሒሳብ ፕሮግራሙ ስለማያስፈልገው እንዳለ ተውነው።