አያቴን ስቀዳ ያበላሸሁት

አያቴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጎጃም አርበኛ የነበረው የበላይ ዘለቀ (በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር) ሰው ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. ክረምት አልጋ ላይ ዋሉ ሲባል፣ ታሪካቸውን በካሴት ልቅዳ ብዬ ቢቸና ሄድኩ። ቴፕ ተዋስኩ፣ ካሴትና ባትሪ ገዛሁ፣ ጥያቄዎቼን በደብተር ጻፍኩ። ይኸው ነው። ባትሪ ግን እጥፍ ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን ግሩም ነበር። ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ ፎከሩ።

ጉዱ በማግስቱ መጣ። የተሰጠኝ መመሪያ «ቀረጻውን በተናጋሪው ሙሉ ስም ጀምር» ይል ነበር። እኔም «አቶ» ብዬ ስማቸውን ጠራሁ።

«አቶ ማነው? ቀኛዝማች በል!»

ዝም ብዬ ማለት እየቻልኩ። ግን ከዚያ በፊት የአርበኝነት ወረቀት ላወጣላቸው አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ፋይሉን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «የሽፍታ ሹመት እዚህ አይሠራም» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የባሰው ግን እኔ ነኝ፤ የሱን ቃል አሳምሬ ቤት ድረስ ተሸክሜ መጣሁ። «አባባ፣ እሱ እኮ መንግሥት ያጸደቀው ማዕረግ አይደለም» አልኳቸው።

«የቱ መንግሥት? ንጉሡ ያኔ እንግሊዝ አገር ነበሩ። እዚህ የነበረው አባ ኮስትር ነው። የሾመኝም እሱ ነው።»

እዚህ ላይ እንኳ አላቆምኩም። «በኋላ ሸፍቶ በ1937 ተሰቀለ እኮ» ብዬ ጨመርኩበት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ስምንት ቀን አላናገሩኝም። ሴት አያቴ እማማ ማድ ቤት ጠርተው ነገሩኝ፤ አባባ ከነጻነት በኋላ የተሰጣቸውን ሜዳይ፣ በላይ ከተሰቀለ ወዲህ አንድም ቀን ደረታቸው ላይ አላደረጉትም።

ገለልተኛ ሁን፣ ማዕረግ አጣራ የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም። ሰውየው ራሱን በሚጠራበት ስም ጥሩት። ማጣራቱ ከቀብር በኋላም ይደርሳል።

በዘጠነኛው ሌሊት ጠሩኝ።

«ቴፑ ይሠራል?»

«አዎ» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ባትሪውን ለሬዲዮ ሰጥቼው አልቋል።

«ሶማ ላይ አልነበርኩም» አሉ። በላይ ሶማ ተራራ ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጋ እሳቸው ቤታቸው ነበሩ። ልጅ ታሞባቸው፣ ግባ ብሎ ያሰናበታቸው ራሱ በላይ ነው። ልጁም አልተረፈ፣ እሳቸውም አልተመለሱ። «ግባ ሲለኝ እሺ አልኩት» አሉ፤ ደጋግመው እሷኑ።

በሁለተኛው ቀን አረፉ። የነገሩኝን ከትዝታ ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ አልሞላም። ለቀስተኛው ሁሉ ቀኛዝማች እያለ ነው ያለቀሳቸው።

ሁለተኛው ካሴት አሁንም አለኝ። ያን ቀን ቴፑን ማጥፋት ረስቼ ነበር። «አቶ» ከሚለው ድምፄና ከጭቅጭቃችን ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው የሚሰማው።