ዲግሪ ሳልይዝ የጀመርኩት ማስተርስ እና የአክስቴ ሂና

ድሬ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ሙቀቱን እንደ አዲስ እየለመድኩት ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ባጃጅ ስጠብቅም ይሁን ማታ በር ላይ ስንቀመጥ የሰፈር ሰው ጥያቄው አንድ ነው፣ «ጨረስሽ ወይ?» እኔ ደግሞ ቀጥ ያለ መልስ የለኝም፣ አልጨረስኩም ግን ማስተርስ ጀምሬያለሁ። ይሄን ስል ሁሉም ግራ ይገባዋል። ጎረቤታችን «አቦ ተይኝ! አቦል ሳይጠጣ ቶና ይቀዳል እንዴ?» አለችኝ (እናቴን የምታክል ሴት ናት፣ ግን ድሬ ላይ አንቱ ብዙም የለም፣ ትልቁም ትንሹም አንተ አንቺ ነው)። ምሳሌዋን ወደድኩት፣ አቦሉን እየጠጣሽ ቶናው ከሰል ላይ ነው አልኳት፣ ጀበናው ከእሳት አይወርድም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምማረው አሜሪካ ነው፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ (የሕክምና መሣሪያዎች ምህንድስና በሉት)፣ ሦስተኛ ዓመትን ጨርሻለሁ። እዛ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አራት ሲደመር አንድ የሚሉት ፕሮግራም አላቸው፣ ሦስተኛ ዓመት አካባቢ ታመለክታለህ፣ ከተቀበሉህ የመጀመሪያ ዲግሪህን ሳትጨርስ የማስተርስ ኮርስ መውሰድ ትጀምራለህ፣ ከነዛ ኮርሶች የተወሰኑት ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠሩልሃል። ማስተርሱ ብዙ ጊዜ 30 ክሬዲት ነው፣ ለሁለቱም የሚቆጠረው 9 ወይ 12 ክሬዲት ይሆናል፣ ሦስት አራት ኮርስ ማለት ነው፣ ስለዚ ሁለት ዓመት ሊፈጅ የሚችለው ወደ አንድ ዓመት ይወርዳል። ጂፒኤ ከ3.0 እስከ 3.5 ባለው መካከል ይጠይቃሉ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው፣ የማስተርሱ ኮርስ ላይ ከቢ በታች ካመጣህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርልህም።

አብሮ አደጌ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ባዮሜዲካል ላይ ነው ያለው፣ እኛ አገር ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ስለሆነ እሱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲይዝ እኔ በዛው አምስት ዓመት ሁለቱንም እይዛለሁ። ይሄን የሰማ ሁሉ «እድለኛ ነሽ» ይለኛል፣ እድለኛ መሆኔን አልክድም፣ ግን እሱ ኢንተርንሺፕ ወጥቶ ሆስፒታል ወርክሾፕ ውስጥ ፈቶ የገጠመውን ማሽን ብዛት ሲነግረኝ እቀናለሁ። ዓመት ማትረፍ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም ብዬ የማስበው ለዚህ ነው። እኔን ያስጀመረኝም ዓመቱ አይደለም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የመጀመሪያውን የማስተርስ ኮርስ ገባሁ፣ ሜዲካል ኢንስትሩሜንቴሽን ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ሥራ ዓለም ቆይተው የተመለሱ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ከሁሉም ታናሽ ነኝ። የለመድኩት ነገር ምንድነው፣ መጽሐፉ ጀርባ መልስ ያለው ጥያቄ መሥራት ነው። እዚህ የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ያዘዘን ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው፣ በዓይናችሁ ያያችሁት አንድ የሕክምና መሣሪያ ሲሳሳት ምን ሆኖ እንደተሳሳተ ጻፉ፣ በቃ። ሌሎቹ ከሥራ ቦታቸው አንድ ነገር ያመጣሉ፣ እኔ ምን ላመጣ ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፣ ወደ ንጋት ላይ አክስቴ ትዝ አለችኝ።

ወደ አሜሪካ ከመሄዴ በፊት በነበረው ክረምት የአክስቴ ልጅ ተሞሸረች። የድሬን ሰርግ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሙሽራዋ እኩል እናትየዋም አክስቶቹም ጎረቤቱም ሂና ይሞቃሉ። አክስቴ ጥቁሩን ነበር ያስደረገችው፣ እጇ ላይ አበባ አበባ ሆኖ እስከ ክንዷ ወጥቷል፣ የጣቶቿ ጫፍ ግን ከነጥፍሩ ድፍን ጥቁር ነው፣ እግሯም እንደዛው። አክስቴ አስም አለባት። የሰርጉ ማግስት ማታ ቤቱ በዕጣን ጭስ ታፍኖ፣ ሰው ተጠጋግቶ፣ ድንገት ትንፋሽ አጠራት። ባጃጅ ላይ እኔና እናቴ በመሃል ይዘናት ሆስፒታል ደረስን።

ነርሷ ያቺን ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትነክሰውን ነገር አደረገችላት፣ ፐልስ ኦክሲሜትር ማለት ነው፣ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የምትለካ። መጀመሪያ ሰረዝ ሰረዝ ብቻ አሳየ፣ ከዛ 85 አለ፣ የሚያስደነግጥ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ሌላ ጣት ተሞከረ፣ 84፣ እንደገና 85። ነርሷ ቆሻሻ መስሏት ጣቷን በአልኮል ፈትጋ ፈትጋ አየችው፣ ሂና በአልኮል የት ይለቃል። ክፍሉ ተተራመሰ፣ ወደ ሐረር ሪፈር የሚል ነገር ተነሳ፣ በዛ ሰዓት የነበረችውን አንዷን የኦክስጅን ሲሊንደር እየገፉ አመጧት። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች፣ እኔ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ መንቀል አቃተኝ። አንዲት ትልቅ ነርስ ገባች፣ ማሽኑን አላየችም፣ የአክስቴን ከንፈር አየች፣ ከዛ እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄማ ሂና ነው፣ ጆሮዋን ስጡኝ» አለች። መቆንጠጫውን የጆሮዋ ጫፍ ላይ አደረገችው፣ ትንሽ ቆየና 94 አለ። አክስቴ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) ጉም በመሰለ ርጭት ተሰጣት፣ ሳይነጋ ቤቷ ገባች። ሲሊንደሯ ከጎናችን ለተኛ ሕፃን ሄደች።

ያን ጊዜ አላህም ማርያምም ተመሰገኑ (ቤታችን እንደ ድሬ ነው፣ ሁለቱም አለ)፣ ታሪኩም እዛው ቀረ። ሁለት ገጿን ጽፌ ሰጠሁ። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነገር ግን ካለሁበት አስነሳኝ።

ማሽኗ ሁለት ብርሃን ናት ያላት፣ አንዱ ቀይ ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር፣ ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ፣ 940። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን ይውጣል፣ ኦክስጅን የሌለው ደግሞ በተቃራኒው። ልብ በመታ ቁጥር ጣት ውስጥ ደም ሞላ ጎደል ይላል፣ ብርሃኑም አብሮ ይወዛወዛል። እ.ኤ.አ. በ1974 አካባቢ ታኩዎ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ ኢንጂነር ያመጣው ሐሳብ ይሄ ነው፣ የሚወዛወዘውን ብቻ ውሰድ፣ የማይወዛወዘው ቆዳም አጥንትም ጥፍርም ስለሆነ ተወው። ከዛ የቀዩንና የኢንፍራሬዱን ውዝዋዜ ታካፍላለህ፣ ውጤቱ ሬሾ ይሰጥሃል፣ ሬሾውን ማሽኗ ውስጥ ካለ ሠንጠረዥ ጋር ታያይዘዋለህ፣ ሠንጠረዡ የኦክስጅኑን መቶኛ ይነግርሃል። በዚህ ስሌት ሂናም የማይወዛወዝ ነገር ነው፣ ችግር ሊያመጣ አይገባም ነበር። ግን ቀለሙ ብርሃኑን አብዝቶ ከጋረደው የሚያልፈው ኢምንት ይሆናል፣ ሰውየው ደግሞ ከተንቀጠቀጠ፣ አክስቴ እንደዛ ስትንቀጠቀጥ እንደነበረችው፣ ማሽኗ የምትሰማው ደሙን ሳይሆን ረብሻውን ነው። ረብሻ ሁለቱን ብርሃን እኩል ይመታል። እኩል ለእኩል ሲካፈል አንድ ነው። መምህሩ ሠንጠረዡ ላይ ሬሾው አንድ የሆነበትን መስመር በጣቱ ነካው፣ 85።

ደብተሬ ላይ 85ን አሥር ጊዜ ያህል ሳልጽፈው አልቀረሁም። ያን ሌሊት እናቴን ያስለቀሳት ቁጥር የአክስቴ ኦክስጅን አልነበረም፣ ማሽኗ አልሰማሁም ስትል የምትሰጠው ቁጥር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ብቻ ብሆን ይሄን ኮርስ ላልወስደው እችል ነበር፣ ተመርቄ ሥራ ይዤ ከዓመታት በኋላ ማስተርሱን ብጀምረው ደግሞ ያ ሌሊት እንደዚህ ትኩስ ሆኖ አያገኘኝም ነበር።

እዛው ሳምንት ያነበብነው ጥናት ደግሞ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ። ማሽኗ ከ92 እስከ 96 ያለችላቸው ሕሙማን ደማቸው ከደም ቧንቧ ተቀድቶ በላብራቶሪ ሲለካ፣ ከ88 በታች ሆነው የተገኙት ከነጮቹ 3.6 በመቶ ሲሆኑ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ናቸው፣ ሦስት እጥፍ ገደማ። ማለት ነው የአክስቴ ማሽን በማይሆን አስደነገጠችን፣ ጥናቱ ላይ ያለችው ደግሞ የታመመውን ደህና ነህ እያለች ትሸኛለች፣ ይሄኛው የባሰ ነው። ለምን ሲባል አንዱ ምክንያት አሠራሩ ላይ ነው፣ ያ ሠንጠረዥ የሚወጣው ጤነኛ ሰዎች ላይ ተለክቶ ነው፣ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ 10 ሰው ካለ ቢያንስ 2ቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ይሁኑ ነው የሚለው። ሁለት ሰው! ድሬ ላይ ከአሸዋ ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር በእግር ስትሄድ የምታየው የቆዳ ዓይነት ስንት ነው።

እንጀምር ወይ እያላችሁ በኢንቦክስ ለምትጠይቁኝ ልጆች፣ ከኮርሱ ክብደት ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ ገንዘቡ ነው። ስኮላርሺፔ የመጀመሪያ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ነው፣ ይሸፍናል ብለውኝ የገባሁበት ኮርስ በማስተርስ ብቻ ተመዝግቦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሂሳብ መጣብኝ፣ ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ ሁሉም ወደ ሌላው ነው የሚጠቁመኝ፣ ሳልተኛ ያደርኩበት ቀን ብዙ ነው፣ በመጨረሻ ምዝገባው ተስተካከለ። ስለዚ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በየትኛው ቀን ነው ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪነት ወደ ማስተርስ ተማሪነት የምዛወረው፣ ከዛ ቀን በኋላስ ማን ይከፍላል። ከኢትዮጵያ የሄዳችሁ ደግሞ ደረጃችሁ ሲቀየር አይ ትዌንቲም (ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው የቪዛ ወረቀት) መቀየር አለበት፣ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ቀድማችሁ ንገሩ።

አሁን ክረምቱን ምን እየሠራሁ ነው፣ ሂና ማሽኗን እንዴት እንደሚያሳስታት ማጥናት እፈልጋለሁ፣ ግን ገና ሰው ላይ መለካት አልችልም፣ ለዛ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማመልከቻውን መስከረም ላይ ነው የማስገባው። ስለዚ ቀፊራ ገበያ እየሄድኩ ሂና የሚሠሩትን ሴቶች ምን እንደሚቀላቅሉ እጠይቃለሁ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን፣ ሶማሊኛ ሲመጣ ጎረቤታችን ትተረጉምልኛለች። ቀዩ ቅጠሉ ተፈጭቶ በሎሚና በሻይ ነው፣ ጥቁሩ ላይ ግን የፀጉር ቀለም ዱቄት ይገባበታል (እሱ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል፣ ልጆች ላይ ባታደርጉት ደስ ይለኛል)። እስካሁን ያነበብኳቸው ጽሑፎች ቀዩ ብዙ እንደማያስቸግር፣ ጥቁሩ ግን ብርሃኑን እንደሚጋርድ ነው የሚሉት። እኔ የምፈልገው ውፍረቱ ስንት ሲሆን ነው የሚጋርደው የሚለውን ነው፣ ማሽኗ 85 ብላ ከምትዋሽ አልሰማሁም ብላ ሰረዝ እንድታሳይ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለውን ነው። ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ልጻፍ ወይስ ኮርስ ብቻ ወስጄ ልጨርስ የሚለውን መስከረም ላይ መወሰን አለብኝ፣ ቴሲስ ከሆነ አንዱ ዓመት አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል፣ ግድ የለኝም።

ቅዳሜ ሌላ ሰርግ አለን። ትናንት ማታ ግቢያችን ውስጥ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሂና ሲሠሩ እኔ ሙሸበክ (የድሬ ጣፋጭ ነው) እየበላሁ አያቸዋለሁ። የአክስቴ ተራ ደረሰ፣ ጥቁሩን ነው የምፈልገው አለች፣ ለምኛት ነበር አልሰማችም። ልጅቷ አበባውን ከክንዷ ጀምራ ወደ ጣቶቿ ወረደች፣ አውራ ጣቷን አመልካቿን መሃለኛዋን ጨርሳ ወደ ቀጣዩ ስትሄድ አክስቴ እጇን ሳብ አደረገች።

«ይቺን ተያት» አለቻት።

«ለምን? ያላለቀ ይመስላል'ኮ።»

«ተያት አልኩሽ፣ ይቺ የማሽኑ ናት።»