መዝሙሩ ዝቅ ያለበት ሦስት ሰከንድ

ዛሬ ቅዳሜ ጃን ሜዳ ላይ ስሮጥ የስፖርት ሰዓቴን ድምፅ እንደገና ሰማሁት። አምስት ሳምንት ሙሉ ጠፍቶብኝ ቆይቷል። እንዴት እንደተመለሰ ሳልረሳው ልጻፈው፤ ደግሞ ቢጠፋ ከየት እንደምጀምር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዓይኔ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ካቃተው ዓመታት አልፈዋል። መጽሐፍ በመነጽር አነባለሁ፤ እየሮጡ ግን መነጽር አይሆንም። በኅዳር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ሁለት ዙር ሳልጨርስ መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ይለብሳል። ሳወልቀው ደግሞ የሰዓቱ ቁጥሮች ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ይሆኑብኛል። ሐኪሜ የልብ ምቴ ከ140 እንዳያልፍ አጥብቆ ነግሮኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናትና እዚህ 140 ለመድረስ ብዙ መሮጥ አያስፈልግም፤ ትንሽ አቀበት ይበቃል። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ የስፖርት ሰዓቱን ስትልክልኝ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ መናገሩ ነበር። በየኪሎ ሜትሩ ፍጥነቴን፣ ምቱ ከወሰኑ ሲያልፍ ደግሞ ምቴን በጆሮዬ ይነግረኛል። ዓይኔ የተወውን ሥራ ጆሮዬ ተረከበ።

አንድ ቅዳሜ ዝም አለ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ድምፁን ከፍ አደረግሁ፤ ሰዓቱን አጥፍቼ አበራሁ፤ ከስልኩ ጋር ያለውን ግንኙነት ሰርዤ እንደገና አገናኘሁ። አትረብሽ የሚለው ምልክት በርቶ እንደሆነም አየሁ። ምንም የለም። የዚያን ቀን በየጥቂት ደቂቃው እየቆምሁ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ምቴን ቆጠርሁ፤ የ15 ሰከንዱን በአራት ማባዛት ነው። ወጣት ሯጮች በእግራቸው የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ እያሰሙ በአጠገቤ ያልፋሉ፤ እኔ ቆሜ እቆጥራለሁ። ከቆሙ በኋላ ምቱ ወዲያውኑ መውረድ ስለሚጀምር የምቆጥረው ከሩጫዬ ምት ያነሰውን ነው። ፈርቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ የወንድሜ ልጅ አንድ ማታ ሲመጣ ሁሉንም ነገር ነገርሁት።

«እቴቴ፣ የሚናገረው እኮ ሰዓቱ አይደለም፤ ስልኩ ነው» አለኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። የእኔ ሰዓት ድምፅ ማውጫ የለውም። ምቴን ከስሩ በሚበራው አረንጓዴ መብራት፣ ርቀቴን በሳተላይት ይለካል፤ የለካውን በብሉቱዝ ወደ ስልኩ ይልካል። ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ቁጥሩን ዓረፍተ ነገር ያደርገዋል፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ንግግር አውጪ ደግሞ ያነበዋል፤ ከዚያ ወደ ጆሮ ማዳመጫዬ ይደርሳል። ይህን ያህል ቅብብሎሽ ያለው መልእክት አንዱ ጋ ቢቀር እኔ የምሰማው ያው ዝምታ ነው።

የት እንደቀረ ለማወቅ ግቢ ውስጥ ሙከራ ጀመርን። ኪሎ ሜትር እስኪሞላ መጠበቅ አላስፈለገንም፤ የዙር ቁልፉ ሲጫን ሰዓቱ መልእክቱን ይልካል። መዝሙር ከፈትሁ፣ ስልኩን ቆለፍሁ፣ ቁልፉን ተጫንሁ። መዝሙሩ ሳይነካ ቀጠለ። ቀጥሎ የተቆለፈውን ስልክ ከፍቼ መተግበሪያውን ፊት ለፊቴ አድርጌ ተጫንሁ። መዝሙሩ በድንገት ዝቅ አለ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ራቅ ብሎ እንደሚሰማ ሆነ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። የተናገረ ግን የለም።

እኔ አሁንም አልሠራም ብዬ ነበር። ልጁ ግን ዓይኑ በራ። «አንድ ሰው ሊናገር ሲል ሌላው ዝም ይልለታል አይደል? ስልኩ ለተናጋሪው ቦታ ለቀቀ ማለት ነው። መልእክቱ ደርሷል፤ አፉ ነው የጠፋው።»

እነዚያ ሦስት ሰከንዶች ሁሉንም ነገር ገለጡልኝ። ብልሽቱ ሁለት ነበር፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ። የመጀመሪያው ባትሪ ቆጣቢው ነው። ስልኩ ሲቆለፍ መተግበሪያውን ያስተኛዋል፤ የተኛ ደግሞ መልእክት አይቀበልም። መተግበሪያውን ያለ ባትሪ ገደብ ከበስተጀርባ እንዲሠራ ስንፈቅድለት መዝሙሩ ስልኩ ተቆልፎም ዝቅ ማለት ጀመረ። እዚህ ላይ በራሴ ያዘንሁበት ነገር አለ፤ ይህንኑ ባትሪ ቆጣቢ ከሁለት ሳምንት በፊት እኔው አጥፍቼው ነበር። ድምፅ ስላልመጣ ጥፋቱ እሱ አይደለም ብዬ መልሼ አበራሁት። ትክክለኛውን ነገር አድርጌ ሁለተኛው ብልሽት ስለሸፈነብኝ ራሴው አፈረስሁት። ስንት ሰው እንዲህ መፍትሔውን ይዞ ጥሎት እንደሚሄድ እያሰብሁ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት የበለጠ አሳዘነኝ። ስልኬ ድሮ በእንግሊዝኛ ነበር። ሁልጊዜ ልጁን ከመጥራት ራሴ አንብቤ ራሴ ላስተካክል ብዬ ከአምስት ሳምንት በፊት ወደ አማርኛ ቀየርሁት፤ በዚያም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። «ቅንብሮች»፣ «የድምፅ መጠን»፣ «ባትሪ ቆጣቢ» የሚሉትን በገዛ ቋንቋዬ ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም። ንግግር አውጪው ግን የስልኩን ቋንቋ ይከተላል። በእኔ ስልክ ላይ የተጫነው የአማርኛ ድምፅ አልነበረውም፤ እናም በማይችለው ቋንቋ ተናገር ሲባል ዝም አለ። አማርኛ ማንበቤ መስማቴን አሳጣኝ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። «ጽሑፍ ወደ ንግግር» በሚለው ቦታ የንግግሩ ቋንቋ ለብቻው ይመረጣል። እዚያ እንግሊዝኛ አደረግነው፣ ስልኩ ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ። የሙከራ ቁልፉን ስንነካ ሴትዮዋ ተናገረች። ቁልፉን ደግሜ ደጋግሜ ተጫንሁት።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በግልጽ ተነገረኝ። ሁለተኛው ላይ መዝሙሩ አልተነካም፣ ድምፅም የለም። በዚህ ጊዜ አልደነገጥሁም፤ መዝሙሩ ዝቅ ካላለ መልእክቱ ስልኩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ሰዓቱ ግራ እጄ ላይ ነው፣ ስልኩ የቀኝ ኋላ ኪሴ ውስጥ። በመካከላቸው ያለው እኔ ነኝ። ብሉቱዝ የሚጓዝበትን የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ውኃ ይውጠዋል፤ የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ እየተንጸባረቀ ዞሮ ይደርሳል፤ እንደ ጃን ሜዳ ባለ ገላጣ ቦታ ግን የሚመልሰው ግድግዳ የለም። በጥምቀት ሕዝብ የሚሞላው ሰፊ ሜዳ ነው። ስልኩን አውጥቼ በግራ ክንዴ፣ ከሰዓቱ በላይ፣ በሻሽ አሰርሁት። ከዚያ በኋላ አንድም ኪሎ ሜትር አላለፈችኝም። ከስድስት ኪሎ በኩል ስገባ ያለችው ትንሽ አቀበት ላይ ምቴ 143 መድረሱን ነገረችኝ፤ ዝግ አልሁ፤ ወረደ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ትንፋሽ ሲያጥረኝ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ወደ አማርኛ ለመመለስ አንድ ሁለት እርምጃ ይወስድብኛል። የአማርኛ ድምፅ ያለው ንግግር አውጪ እንዲፈልግልኝ ለወንድሜ ልጅ ነግሬዋለሁ። ካገኘ ወዲያውኑ እንዲሞክረው የምፈልገውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፦ «ሦስተኛ ኪሎ ሜትር። ስምንት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። የልብ ምት፣ መቶ ሠላሳ ስድስት።»